የልጆቻችን የኮሌጅ ክፍያ ከየት ይምጣ?

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት ብዙ ስለሆኑ ሁሉም እንዲያነበው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ በሥራ አመራሩ ተወስኗል።)







ያለፈው ስብሰባችን እንዴት እንደተበተነ የምታስታውሱት ነው። አንዲት እናታችን ተነሥተው «ልጄን ኮሌጅ ላስመዘግብ ነው፤ ከእድሩ ገንዘብ 30,000 ብር አበድሩኝና በየወሩ ልክፈል» ብለው ጠየቁ። አንድ አባታችን ደግሞ «የእድር ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው፤ ለትምህርት ብላችሁ ከነካችሁት እኔ ስሞት በምን ልትቀብሩኝ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ እንኳ አልቻልሁም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። በመጨረሻም ሥራ አመራሩ ጉዳዩን አጥንቼ እንዳቀርብ አዘዘኝ። እኔ 6ኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው መሆኔ ይታወቃል። ስለዚህ ጥናት ስላችሁ ከትልቅ መጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ፤ ከራሴ ቤት፣ ከጎረቤትና ጠይቄ ካረጋገጥሁት ነው።

በመጀመሪያ ስለ እድሩ ገንዘብ ልናገር። አባታችን ትክክል ናቸው። በአንድ ሳምንት ሁለት ድንኳን የተከልንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ በብድር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አንዱን ሐዘንተኛ ምን እንለው ነበር? ስለሆነም የእድሩ ካዝና እንዳይነካ እኔም ድምፄን እሰጣለሁ። ነገር ግን እናታችንም ትክክል ናቸው። ሞት መቼ እንደሚመጣ አናውቅም፤ ሳናውቀው ግን በየወሩ እናዋጣለታለን። ልጃችን 12ኛ ክፍል የሚጨርስበትን ዓመት ግን ቁጭ ብለን በጣታችን መቁጠር እንችላለን፤ ለዚያ ግን የምናዋጣው ነገር የለም። ቀኑ ሲደርስ እንደ ድንገተኛ ሐዘን እንደነግጣለን።

ይህን ስል ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ዋናው ጥፋተኛ እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ታሪክ ዛሬ በራሴ አፍ ልናገር።

የመጀመሪያ ልጄ 12ኛ ክፍልን የጨረሰው በ2010 ዓ.ም ነው። ውጤቱ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አላበቃውም። በ2011 ዓ.ም አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ እንዲማር አስመዘገብሁት። ያን ጊዜ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በወር ስንት ነው?» አልሁ፤ ነገሩኝ፤ እችለዋለሁ አልሁ። የመመዝገቢያውን አልጠየቅሁም። ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ስለሚታሰብ ትምህርቱ የበዛበት ሴሚስተር ክፍያውም እንደሚበዛ አልጠየቅሁም። ለፎቶ ኮፒ፣ ለጽሑፍ ሥራ ማስተየቢያ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለታክሲ፣ ለምሳ፣ ይህን ሁሉ አላሰብሁም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር እቁብ ወጥቶልኝ ከፈልሁ፤ ዕጣ ነው፣ በዕድል ነው። ሁለተኛውን ከባለቤቴ ወንድም ተበድሬ ከፈልሁ። በሁለተኛው ዓመት እናቴ ዐረፈች። እናንተም መጥታችሁ ነበር፤ ለተዝካሯ በሬ አረድሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። የበሬው ገንዘብ የልጁ ገንዘብ ነበር። ካህናቱም ጎረቤቱም በሉ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። በወሩ ልጄ ከፈተና በር ላይ ተመልሶ መጣ። «አባዬ፣ ክፍያ ያላጠናቀቀ አይገባም ብለው መለሱኝ» አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ትቀጥላለህ አልሁት። አልቀጠለም። የተማረበትን ማስረጃ እንኳ ቀሪውን ዕዳ እስክንከፍል ድረስ ሊሰጡን አልቻሉም። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ሥራውን አልንቅም፣ ቤቱንም ይረዳል። ግን አንድ ዓመት ተኩል የከፈልነው ገንዘብ ውኃ በላው። ኮሌጁ በደለኝ አልልም። ሂሳቡን ያልሠራሁት እኔ ነኝ። አሁን ታናሽ እኅቱ 10ኛ ክፍል ናት፤ ለዚህ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሣኝ።

አንዳንዶቻችሁ «የኔ ልጅ ጎበዝ ነው፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ያ ደግሞ በነፃ ነው» ትላላችሁ። እስቲ ይህን እንመልከተው። በነፃ የሚለው ቃል ትክክል አይደለም። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ደንብ አለ። ተማሪው ሲገባ ውል ይፈርማል፤ ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ በሙሉ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ይህ መልካም ነው፤ ወላጅ በዚያው ሰዓት ከኪሱ አያወጣም። ሆኖም ልጁ የሚመደበው ከቤቱ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ የአውቶቡሱ፣ የብርድ ልብሱ፣ የሳሙናው፣ የኪሱ ገንዘብ ከእናንተ ነው። ጎረቤቴ ልጃቸውን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሲሸኙ ለመንገዱና ለዕቃው ብቻ የሁለት ወር ቤት ወጪያቸውን አወጡ።

ሁለተኛው ነገር መግባቱ ራሱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም ከተፈተኑት ከ100 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ከ5 ትንሽ አለፈ። ማካካሻ ትምህርት ተሰጥቷቸው የገቡም አሉ፤ ያም ቢሆን ሁሉንም አይደለም የያዘው። እኔ ልጆቻችሁ አያልፉም አላልሁም፤ እግዚአብሔር ያሳልፋቸው። ነገር ግን ልጁ ካለፈ የተጠራቀመው ገንዘብ ለብርድ ልብሱና ለመንገዱ ይሆናል፤ ካላለፈ ለግል ኮሌጅ ወይም ለሙያ ትምህርት ቤት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የሚጠፋ ገንዘብ የለም።

ስለ ግል ኮሌጅም አንድ ነገር ልጨምር። ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ለዚያ ለተባለው ትምህርት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ለአንዱ ትምህርት ፈቃድ ኖሮት ለሌላው የማይኖረው አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ያን ያላለፈ ተማሪ አራት ዓመት ቢከፍልም ዲግሪው በእጁ አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት ከ100 ወደ 17 የሚጠጉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ስትመዘገቡ «በወር ስንት ነው» ብቻ ሳይሆን «ባለፈው ዓመት ከእናንተ ስንት ልጅ አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ካለ ያም መልስ ነው። የቴክኒክና ሙያንም አትናቁት። ከኔ ልጅ ጋር ጋራዥ የሚሠራ አንድ ልጅ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ፣ ዛሬ ከኔ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ።

ከልጄ ነገር በኋላ ባለቤቴ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝታ መጣች። «የሱቁ ባለቤት የኛን ዕዳ በደብተር ይይዛል፤ እኛ የራሳችንን ለምን አንይዝም?» አለች። ተቆጣሁ መሰለኝ። ሆኖም ሦስት ወር ሙሉ በየማታው የወጣውን ሁሉ ጻፈች፤ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ የስልክ ካርድ፣ የታክሲ፣ የኔ ቡና ሳይቀር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ቁጭ ብለን ደመርነው። ያገኘነው ምን ይመስላችኋል? ትልቁ ቀዳዳ ትልቁ ወጪ አልነበረም። ጤፍና የቤት ኪራይ የታወቁ ናቸው፤ አይቀነሱም። ቀዳዳው ዱቤው ነበር። በዱቤ የተወሰደ ዘይት በጥሬ ገንዘብ ከተገዛው ይወደዳል፤ ከዚህም በላይ በዱቤ ሲወሰድ እጅ አይፈራም። ልጁ ሄዶ «ጻፍብን» ይላል፣ ይጻፋል። በወር መጨረሻ ደመወዝ ሲመጣ ግማሹ ባለፈው ወር ተበልቷል። ከዱቤ ለመውጣት አምስት ወር ፈጀብን፤ አንድ ዕቃ አንድ ዕቃ እያልን ነው የወጣነው፤ መጀመሪያ ስኳሩን፣ ከዚያ ዘይቱን።

ሌላው ቀዳዳ በዓሉና ድግሱ ነው። እስቲ አስቡት፤ ጳጉሜን የሚባል ደመወዝ የሌለው ወር አለን፣ ከሱ ቀጥሎ እንቁጣጣሽ፣ ከሱ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ከሱ ቀጥሎ መስቀል። በመስከረም ያልተበደረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። (እዚህ ላይ ማንም እጁን አላወጣም፤ ሰውም ሳቀ።) ይህ እንግዲህ በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ እንደ ደራሽ ጎርፍ አይደለም። እኛ አሁን ከግንቦት ጀምረን ለመስከረም ለብቻው እናስቀምጣለን፤ የኮሌጁን ገንዘብ እንዳይበላብን ነው። ስለ ሰርግና ስለ ተዝካር ምንም አልልም፤ የሁላችሁም ፈንታ ነው። እኔ ግን ለእናቴ ሙት ዓመት በሬ አላረድሁም፤ ጸሎቱ ተደረገ፣ ለነዳያን ዳቦና ጠላ ቀረበ፣ አለቀ። የተቆጣ ዘመድ ነበረ። እስካሁንም አለ።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ የሚለው ደግሞ ብዙ ያከራክራል። ቤት ውስጥ መደበቅ ይቅር። በ1969 ዓ.ም ደርግ የንጉሡን ምስል የያዘውን ብር በለወጠ ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በመስከረም 2013 ዓ.ም ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው፣ አዲስ የ200 ብር ኖት ወጥቶ፣ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር። ከመንደራችን አንዲት አሮጊት ጊዜው ካለፈ በኋላ ዐርፈው ፍራሻቸው ሲነሣ አሮጌ የመቶ ብር ኖት በመሐረብ ታስሮ ተገኘ። የልጅ ልጃቸውን ማስተማሪያ ይሉት ነበር፤ እኛ ግን ወሬ ብቻ ይመስለን ነበር። በወረቀትነቱ ቀረ።

ባንክ እንግዲህ ለሁላችንም ቅርብ ነው። ብዙዎቹ በልጅ ስም የሚከፈትና ወላጅ የሚያንቀሳቅሰው የቁጠባ ሂሳብ አላቸው፤ ጥቅሙ ለጤፍ ሲቸግር እጅ ቶሎ ወደዚያ አለመሄዱ ነው። አንድ ወንድማችን «ባንክ ያለ ብር ይቀልጣል» ብሎ ተከራከረኝ። እውነት አለው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ሲወሰን ደስ ብሎን ነበር፤ በ2014 ዓ.ም የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። እንግዲህ 7 ከ30 ጋር እንዴት ይሮጣል? የኔ መልስ ይህ ነው፤ የቀለጠው ጥቂት ይተርፋል፣ ያልተቀመጠው ግን ከነጭራሹ የለም። ደግሞም የሚቀመጠው መጠን በየዓመቱ መጨመር አለበት። ለምሳሌ ልጁ 8ኛ ክፍል ሲገባ በወር 500 ብር ብንጀምርና ሳንጨምር 12ኛን እስኪጨርስ አምስት ዓመት ብናስቀምጥ ያለ ወለዱ 30,000 ብር ይሆናል። በየመስከረሙ 100 ብር ብንጨምርበት፣ ማለትም 500፣ 600፣ 700፣ 800፣ 900 እያልን ብንሄድ፣ 42,000 ብር ይሆናል። ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰማ ነው፤ ልዩነቱ ግን 12,000 ብር ነው። ይህን ስሌት ልጄ ሦስት ጊዜ ደምራ አረጋግጣልኛለች።

ወርቅ ይገዛ ያሉም አሉ። ወርቅ አይከፋም፣ ግን ምዝገባው ነገ ያልቃል ተብሎ ተሯሩጦ የሚሸጥ ወርቅ ገዢው በፈለገው ዋጋ ነው የሚሄደው።

በመሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በአገራችን ይህ ሥራ በ1957 ዓ.ም ገደማ በአየር መንገድ ሠራተኞች እንደተጀመረ ይነገራል። ገንዘቡ ደመወዝ ከእጅ ሳይገባ ይቆረጣል፤ ሰውየው ከቆጠበ በኋላ የቆጠበውን አብዝቶ ይበደራል፤ ስንት እጥፍ እንደሆነ በየመተዳደሪያ ደንቡ ነው። አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ በ2013 ዓ.ም በወጣ ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንኮችንና ማይክሮ ፋይናንሶችን ነው የሚሸፍነው፤ በአንድ ተቋም ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ድረስ። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ የኦዲት ሪፖርት በሚነበብበት ቀን አትቅሩ፤ ቡና ተጠርቻለሁ ብላችሁ አትቅሩ።

አሁን ወደ እቁቡ። ሐሳቤ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እቁብ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። 20 ሰው በወር 1,000 ብር ቢጥል ዕጣው 20,000 ብር ነው። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ተበዳሪ ነው ማለት ነው፣ በቀሪዎቹ ወራት ይከፍላል፤ መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ቆጣቢ ነው። ችግሩ ዕጣው መስከረምን አያውቅም። ለምዝገባ የሚፈልገው ሰው በሰኔ ይወጣለታል፤ ገንዘቡ እጁ ከገባ ደግሞ ሶፋ ይገዛበታል። መስከረም ላይ የደረሰበት ደግሞ ሳይወጣለት ቀርቶ ዕጣ ከሌላው በትርፍ ይገዛል። እኔም በ2011 ዓ.ም የሆንሁት ይኸው ነው፤ ዕድል ረዳኝ እንጂ አሰብሁበት ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከሥራ አመራሩ ጋር የተነጋገርነው ይህ ነው። ከእድሩ ካዝና ፈጽሞ የተለየ፣ የራሱ ዳኛና የራሱ ደብተር ያለው የትምህርት እቁብ ይቋቋም። በዚህ እቁብ የመስከረምና የጥቅምት፣ እንዲሁም የሁለተኛው ሴሚስተር መክፈያ የሆኑት ወራት ዕጣ አይወጣባቸውም፤ በዚያ ዓመት ልጅ ኮሌጅ ለሚያስገቡ ወይም ለሚያስቀጥሉ አባላት በተራ ይሰጣል። ተራው አስቀድሞ በሐምሌ በስብሰባ ይወሰናል። የተቀሩት ወራት እንደ ወትሮው በዕጣ ናቸው። ቀድሞ የወሰደ ሰው ሁለት ዋስ ይጠራል፤ ዋሶቹም ገና ያልወጣላቸው የእቁቡ አባላት መሆን አለባቸው፤ እንዲህ ከሆነ ሰውየው ቢጠፋ ከዋሱ ዕጣ ይቀነሳል። ይህን ዋስትና ያልወደዱ አባላት እንዳሉ ሰምቻለሁ። ወንድምን ወንድም አያምንም ወይ? ይላሉ። እኔ የምለው፣ በዚህ መንደር ከእቁብ ገንዘብ ይልቅ በእቁብ ገንዘብ የተነሣ የጠፋው ጉርብትና ይበልጣል። ዋስ ይኑር።

ያቺ እናታችን የጠየቁት 30,000 ብርስ? እንዳልሁት ከእድሩ አይወጣም። ነገር ግን ካለፈው ስብሰባ በኋላ ዐሥራ አንድ ሰዎች መጥተው ከዚህ ወር ጀምሮ እንጥላለን ብለውኛል፤ የመጀመሪያው ተራ ለእሳቸው እንዲሆን ተስማምተዋል፤ በስብሰባው የተቃወሟቸው አባታችንም ከዐሥራ አንዱ አንዱ ናቸው። ገንዘቡ ከጠየቁት ያንሳል። ቀሪውን ልጅቷ የምትማርበት ኮሌጅ በሁለት ጊዜ እንዲቀበል ጠይቀው በጽሑፍ ፈቅዷል። እንዲህ ያለ ነገር ስትጠይቁ በቃል አትቀበሉ፤ በወረቀት አስጽፉ።

ከመቀመጤ በፊት ከተጠየቁት ለሁለቱ ልመልስ። የቀን ሠራተኛ የሆኑ አባላት «በወር ከየት አምጥቼ?» ብለዋል። ለነሱ በሳምንት የሚጣል ይሁን፤ ትንሽ ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም፤ ደብተሩ ላይ የሁሉም ስም እኩል ነው። ሁለተኛው፣ ዐረብ አገር እኅት ወይም ልጅ ያላቸው «እሷ ትልክልናለች» ያሉት ነው። ይህ ያሳስበኛል። እሷ ሰው ቤት ውስጥ ሌት ተቀን እየሠራች የምትልከው ገንዘብ ለጤፍ ከዋለ፣ የተመለሰች ዕለት ቤቱም እሷም ባዶ ነው። ከምትልከው ላይ የተወሰነው በእሷ ስም ይቀመጥ፤ የታናሿን ኮሌጅ የምትከፍል ከሆነም በደብተር ይጻፍላት፤ ብድር ይሁን ስጦታ ይለይ። በዚህ ነገር የተጣሉ ሁለት ቤተሰቦች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን አልጠራም።

ምዝገባው በሚመጣው እሑድ፣ የእድር መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በማኅበሩ ቢሮ ይካሄዳል። የሚመዘገቡ አባላት የልጃቸውን ክፍል፣ ኮሌጅ ይገባል ብለው የሚያስቡበትን ዓመትና የሚጥሉትን መጠን ይዘው ይምጡ። ባልና ሚስት አብረው ቢመጡ ይመረጣል፤ አንዱ ብቻ መጥቶ ከተመዘገበ በኋላ ሌላው «አላወቅሁም» የሚልበትን ነገር እኔ ማስታረቅ አልችልም። ባዶ ደብተር ያላችሁ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ፤ የቤት ወጪ አጻጻፉን ባለቤቴ ለሴቶቹም ለወንዶቹም ታሳያለች።